«ምን ልታዘዝ?» የማይባልበት ምግብ ቤት

ምግብ ቤት ገብተው ወንበር ስበው ሲቀመጡ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «ምን ልታዘዝ?» ይልዎታል። «ምን ላምጣልዎ?» ቢል በበቃ ነበር እኮ። እሱ ግን ዘወትር የሚለው «ምን ልታዘዝ?» ነው። ይህን አነጋገር ቆም ብዬ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። በሁለት ቃል ውስጥ አዛዥና ታዛዥ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አዛዡ ተመጋቢው፣ ታዛዡ ቤቱ። በኪስዎ የያዙት የአንድ ሽሮ ዋጋ ብቻ ቢሆንም ለዚያች ግማሽ ሰዓት ጌታ ነዎት።

ታዲያ በዓለም ላይ በውድነታቸውና በዝናቸው ግንባር ቀደም ከሚባሉት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አይጠይቁም። ተመጋቢው ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ወንበር ያስይዛል፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡን አስቀድሞ ይከፍላል። ቀኑ ደርሶ ሲቀመጥ የሚመርጠው ነገር የለም። ሼፉ ያሰበለት ምግብ፣ ሼፉ በወሰነው ቅደም ተከተል፣ ሼፉ በመጠነው መጠን ይቀርብለታል። አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንድ ቦታም አርባ ዓይነት ምግብ፣ እያንዳንዱ ከአንድና ከሁለት ጉርሻ የማይበልጥ፣ በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ እየተፈራረቀ ይመጣል። አስተናጋጁ የሚናገረው ለመታዘዝ ሳይሆን ለማስረዳት ነው። «ይህ እንዲህ ነው፣ በዚህ ማንኪያ ይበሉት፣ በአንድ ጊዜ ይጉረሱት» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቴስቲንግ ሜኑ»፣ ፈረንሳዮች «ሜኑ ዴጉስታሲዮን» ይሉታል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «የቅምሻ ገበታ» ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ወዲህ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚከፍለው ሰው እንዴት ከሁሉ አሳንሶ የሚያዝዝ ሊሆን ቻለ? ይህ የቅንጦት ወሬ ይመስላል። ታሪኩን ወደኋላ ሄደው ሲመረምሩት ግን ስለ እንግዳ፣ ስለ ደንበኛና ማድ ቤት ውስጥ ላቡን ስለሚያፈሰው ሠራተኛ የሚነግረን ብዙ ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል መጀመሪያ የቤት ስም አልነበረም፤ የመረቅ ስም ነበር። አቅም ለከዳው፣ ሆዱ ከባድ ምግብ ለማይችል ሰው ከስጋ ተቀቅሎ የሚሰጥ፣ «የሚጠግን» ወይም «ኃይል የሚመልስ» ማለት ነው። በ1766 ማቱራን ሮዝ ደ ሻንትዋዞ የሚባል ሰው ይህንኑ መረቅ የሚሸጥበት ቤት በፓሪስ ከፈተ። ብዙ መጻሕፍት ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቡላንዤ የተባለ ሰው የበግ እግር በስጎ አቅርቦ ከባለሙያዎች ማኅበር ጋር በፍርድ ቤት ተሟገተ ሲሉ ኖረዋል። ታሪክ ጸሐፊዋ ርቤካ ስፓንግ ግን ስለ ሬስቶራንት አፈጣጠር በ2000 ባሳተመችው ጥናት ለዚህ ተረክ ማስረጃ እንደሌለው አሳይታለች።

ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ በገንዘብ የሚበላ ምግብ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ። መንገደኛው በእንግዳ ማረፊያ ቤት አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከበው ከሚቀመጡት ጋር ይቀላቀላል፤ ምግቡ የሚቀርበው በተወሰነ ሰዓት ነው፤ የቀረበውን ይበላል፤ የሁሉም ዋጋ አንድ ነው። «ታብል ዶት» ይሉታል፣ «የጋባዡ ጠረጴዛ» እንደማለት። እጁ የፈጠነ ይጠግባል፣ ዓይን አፋሩ ጦሙን ያድራል። አዲሱ ሬስቶራንት ይዞት የመጣው ለውጥ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ለየራስ የሚቀመጡበት ትንሽ ጠረጴዛ። ሁለተኛ፣ በፈለጉት ሰዓት መብላት። ሦስተኛውና ትልቁ፣ የምግቡ ስም ከነዋጋው የተጻፈበት ካርድ። ሰው እየመረጠ ማዘዝ ጀመረ። «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ መሠረት የያዘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በ1780ዎቹ አንትዋን ቦቪሊዬ ይህንን ሐሳብ ወደ ቅንጦት ደረጃ አሳደገው። ቀድሞ የንጉሡ ወንድም ቤት ያገለገለ ሰው ነው። «ላ ግራንድ ታቬርን ደ ሎንድር» የተባለው ቤቱ ያማረ ክፍል፣ የለበሱ አስተናጋጆች፣ ጥሩ የወይን ጠጅና የተመረጠ ወጥ የሚገኝበት ነበር። በ1789 አብዮቱ ፈነዳ። ብዙ ሰው ሬስቶራንትን የወለደው አብዮቱ ነው፣ መኳንንቱ ሲሰደዱ ወጥ ቤቶቻቸው ሥራ ስላጡ ነው ይላል። እንዳየነው ቤቶቹ ከአብዮቱ በፊትም ነበሩ። ይሁንና ጌታ ያጣው ወጥ ቤት ከተማ ወጥቶ ሱቁን ሲከፍት፣ በ1791 የሙያ ማኅበራቱ ሞኖፖል ሲሻር፣ የምግብ ቤቱ ቁጥር እየበዛ መሄዱ እውነት ነው። ቀድሞ መስፍን ብቻ የሚቀምሰውን ወጥ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ሁሉ ካርድ አንሥቶ ማዘዝ ቻለ። ጌትነት በሰዓት የሚከራይ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አቀራረቡ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እኛን የሚነካ ነገር አለው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ፈረንሳዮች ምግብ የሚያቀርቡት እንደ ዛሬው አንድ በአንድ እያመጡ አልነበረም። ሾርባው፣ ጥብሱ፣ ዓሣው፣ አትክልቱ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ሞልቶ ይዘረጋና ተጋባዡ ከአጠገቡ ካለው እያነሣ ይበላል፤ ይጋራል፤ ለጎረቤቱም ያቀብላል። ያ ሲነሣ ሌላ ዙር እንዲሁ ይዘረጋል። «የፈረንሳይ አቀራረብ» የሚባለው ይህ ነበር። ስመ ጥሩው ማሪ አንትዋን ካሬም (1784 - 1833) ለዓይን የሚሰጠውን ግርማ ስለሚወድ ይህን አሠራር ይመርጥ ነበር። በ1810 ገደማ በፓሪስ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ልዑል ኩራኪን ሌላ ዓይነት አሳየ። ስጋው ማድ ቤት ይቆረጣል፣ ምግቡ በተራ በተራ እየመጣ ለየሰው ይታደላል። ይህ «የሩሲያ አቀራረብ» ቀስ በቀስ እየተስፋፋ በ1860ዎቹ ኡርቤን ዱቧ የተባለው ሼፍ በመጽሐፍም በሥራም ስላገዘው ድል አደረገ። ምግቡ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል፣ ይህ እውነት ነው። ግን መጋራቱ ቀረ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ይታወሰኛል። በመሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ሁሉን በአንድ ትሪ ዘርግቶ መብላትን «ኋላ ቀርነት» አድርገው የሚያዩ የኛ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አይጠፉም። እስቲ ልብ ይበሉ፤ የአውሮፓ ነገሥታት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከሞላ ጎደል እንዲያው ሲበሉ ነው የኖሩት። የየራስ ሳህን፣ አንድ በአንድ የሚመጣ ምግብ የሥልጣኔ ጥንታዊ ምልክት ሳይሆን የሁለት መቶ ዓመት ልማድ ነው።

ሆኖም የቅምሻ ገበታ ያለዚህ የሩሲያ አቀራረብ ሊወለድ አይችልም ነበር። ምግብ በተራ የሚመጣ ከሆነ ተራውን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ሰዓቱ ሁሉ ከማድ ቤት ሆነ። ማድ ቤቱን ደግሞ እንደ ጦር ሠራዊት ያደራጀው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። በ1846 ተወለደ፤ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የጦር ሠራዊት ወጥ ቤት ሆኖ አገለገለ፤ በ1890 ከሴዛር ሪትስ ጋር የለንደኑን ሳቮይ ሆቴል ያዘ። ማድ ቤቱን በክፍል በክፍል ከፈለው፤ ስጎ የሚሠራው ስጎ ብቻ፣ ጥብስ የሚጠብሰው ጥብስ ብቻ። «ብሪጌድ» ይባላል፤ ስሙም ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። ሳቮይ ውስጥ ሌላም ነገር አደረገ። እንግሊዞቹ በፈረንሳይኛ የተጻፈው ካርድ ግራ ስላጋባቸው ለአራትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚመጡ በተቆረጠ ዋጋ ሙሉውን ራት እሱ ራሱ እየመረጠ ማቅረብ ጀመረ። ተመጋቢዎቹ ተደሰቱ። የመምረጥ ነፃነት ካርዱን ማንበብ ለሚችል ነው፤ ለማይችለው ግን ጭንቀት ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

ከዚያ የጎማ ፋብሪካው መጣ። ሚሽላን በ1900 ለአሽከርካሪዎች የመንገድ መመሪያ አሳተመ፤ ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ይኸው ነው ነገሩ። በ1926 ለጥሩ ምግብ ቤት ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ በ1931 የሁለትና የሦስት ኮከብ ደረጃ ጨመረ። ሦስት ኮከብ ማለት «ለእሱ ተብሎ መንገድ ቢጀመርለት ይገባዋል» ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ከዚህ ወዲያ ተመጋቢው ወደ ምግብ ቤቱ የሚሄደው ስለራበው መሆኑ ቀረ። ሊሳለም እንደሚሄድ ምዕመን ሆነ። ሊሳለም የሄደ ሰው ደግሞ አያዝዝም።

በ1973 አንሪ ጎ እና ክርስቲያን ሚዮ የተባሉ ሁለት የምግብ ጋዜጠኞች «ኑቬል ኩዊዚን» ማለትም «አዲሱ የምግብ አሠራር» ብለው አሥር ትእዛዛት ያሉት ጽሑፍ አወጡ። ከባዱ ስጎ ይቅር፣ ከመጠን በላይ አታብስሉት፣ ከገበያ ትኩሱን አምጡ፣ ሜኑውን አሳጥሩ የሚል ነበር። እነ ፖል ቦኩዝ፣ የትሯግሮ ወንድማማቾች፣ ሚሼል ጌራር የዚህ ዘመን ጀግኖች ናቸው። ሳህኑ ከማድ ቤት ተዘጋጅቶና ተውቦ መውጣት የጀመረው በእነሱ ጊዜ ነው። ቀድሞ ስጋውን በተመጋቢው ፊት ይቆርጥ የነበረው አስተናጋጅ ተሸካሚ ብቻ ሆነ። ከጃፓንም የተማሩት አለ። በ1960 ኦሳካ ውስጥ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተው ሺዙኦ ጹጂ የፈረንሳይ ሼፎችን ይጋብዝ ነበርና፣ እነ ቦኩዝ በዚያ ከሻይ ሥነ ሥርዓት የመነጨውንና ወቅቱን ተከትሎ በትናንሽ ሳህን ተራ በተራ የሚቀርበውን «ካይሴኪ» አዩ። ትንሽ ምግብ፣ ብዙ ሳህን፣ አንድ ታሪክ። የቅምሻ ገበታ ቅርጹን ያዘ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1971 አሊስ ዋተርስ በበርክሌይ «ሼ ፓኒስ» የተባለውን ቤት ስትከፍት በቀን አንድ ሜኑ ብቻ ነበር የምታቀርበው። የመጀመሪያው ምሽት ሙሉ ራት 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ቤቷ የመጣ እንግዳ የተሠራውን ይበላል፤ በቃ። በ1994 ደግሞ ቶማስ ኬለር በናፓ ሸለቆ «ፍሬንች ላውንድሪ»ን ያዘ። የእሱ አመክንዮ ቀላል ነው። አንድን ምግብ ሲጀምሩት ይጣፍጣል፤ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ምላስ ይለምደውና ጣዕሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ ምላስ ሳይሰለች፣ «ምነው ትንሽ በጨመረልኝ» እያለ ሳለ ወደሚቀጥለው ይሂድ። እውነቱን ለመናገር ይህ ትክክል ነው። በዓመት በዓል ቀን አራተኛውን የዶሮ ወጥ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ግን በስፔን የካታሎንያ ባሕር ዳርቻ፣ ሮሰስ ከምትባል ከተማ አጠገብ የነበረው «ኤል ቡሊ» ነው። ፌራን አድሪያ በ1980 በአንድ ሆቴል ሳህን አጣቢነት ሥራ የጀመረ ወጣት ነበር። በ1984 ኤል ቡሊ ገባ። በ1997 ቤቱ ሦስተኛ ኮከቡን አገኘ። «ሬስቶራንት» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ያወጣው በነበረው የዓለም 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች ዝርዝር በ2002፣ ከዚያም ከ2006 እስከ 2009 በተከታታይ አንደኛ ወጣ። በዓመት ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ የቀረውን ጊዜ ባርሴሎና ባለው ቤተ ሙከራ አዲስ ነገር ሲፈትሹ ይከርማሉ። የምግብ አረፋ፣ ከወይራ ጭማቂ ተሠርቶ ወይራ የሚመስልና አፍ ውስጥ የሚፈነዳ ኳስ ከዚያ ወጡ። በአንድ ምሽት 50 ያህል ሰው ይስተናገዳል፤ በወቅቱ 8,000 ሰው። ወንበር የሚጠይቀው ግን እስከ 2 ሚሊዮን ይደርስ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ሰውዬው በሚሊዮን ይዝቃላ!» ማለቱ አይቀርም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኤል ቡሊ ምግብ ቤቱ ራሱ ከ2000 ጀምሮ ኪሳራ ላይ ነበር። ትርፉ የሚመጣው ከመጽሐፍ፣ ከንግግር፣ ከማማከር ነበር። በእያንዳንዱ ወቅት ደግሞ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ከ30 በላይ ወጣት ሼፎች ማድ ቤቱን ሞልተው ይሠሩ ነበር፤ ያለ ደመወዝ። ማደሪያና ምግብ ይሰጣቸዋል፣ ስማቸው ላይ «ኤል ቡሊ ሠርቷል» የሚል ይጨመርላቸዋል። በሐምሌ 30 ቀን 2011 ቤቱ ሲዘጋ በመጨረሻ ያቀረበው አዲስ ምግብ በቆጠራቸው 1,846ኛው ነበር። ኤስኮፊዬ ለዘፋኟ ኔሊ ሜልባ የፈጠረው የኮክ ጣፋጭ፣ በአዲስ አሠራር። ቁጥሩም የኤስኮፊዬ የትውልድ ዓመት ነው። ውብ ስንብት ነው፤ አይካድም። ግን እነዚያን ሁሉ ፍሬዎች በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ያሰለፉት እጆች የወር ደመወዝ የላቸውም።

ከኤል ቡሊ ቀጥሎ ዓለምን ያነጋገረው በ2003 ኮፐንሃገን ውስጥ የተከፈተው «ኖማ» ነው። አምስት ጊዜ የዓለም አንደኛ ተባለ፤ በ2021 ሦስተኛ ኮከቡን አገኘ። እዚያም ብዙው ሥራ በነፃ ሠልጣኞች ትከሻ ላይ ነበር። ነገሩ በይፋ መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ቤቱ ለሠልጣኞቹ መክፈል ጀመረ። በጥር 2023 ደግሞ ሼፉ ሬኔ ሬድዜፒ በመደበኛ ምግብ ቤትነት እንደማይቀጥል አስታወቀ። ይህ አሠራር በገንዘብም በስሜትም የሚዘለቅ አይደለም ነበር ያለው። እንግዲህ አስቡት፤ ለአንድ ሰው ራት 500 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል ቤት ለሁሉም ደመወዝ ከከፈለ ሒሳቡ አልሞላ ይላል! የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼኔ ነው። ምግብ ሲሠራ የሚውለው ልጅ ከሠራው ምግብ አንዱን ሳህን መግዛት አይችልም።

በሼፉ ላይ የሚወድቀውም ሸክም ቀላል አይደለም። በ1671 የኮንዴው ልዑል ሻንቲዪ ላይ ሉዊ 14ኛን ሲጋብዝ የግብሩ ኃላፊ የነበረው ፍራንሷ ቫቴል ዓሣው ሊደርስልኝ አልቻለም፣ ተዋረድኩ ብሎ ራሱን አጠፋ። ዓሣው ከዚያ በኋላ ደረሰ። በየካቲት 2003 ደግሞ በርናር ሏዞ የሚባል የሦስት ኮከብ ባለቤት በ52 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱ አለፈ። ጎ ሚዮ የተባለው መመሪያ ከ20 ይሰጠው የነበረውን 19 ነጥብ ወደ 17 ዝቅ አድርጎበት፣ ሚሽላንም አንዱን ኮከብ ሊነሣው ነው የሚል ወሬ እየተናፈሰ ነበር። ዕዳና የመንፈስ ጭንቀትም ነበረበት፤ ስለዚህ በአንድ ምክንያት አላብብም። ግን በዚያ ዓመት መመሪያ ሦስቱም ኮከቦቹ እንዳሉ ነበሩ። በሁለቱ ሰዎች መካከል 332 ዓመት አለ። ቫቴል የፈራው አንድ ንጉሥ ነበር፤ ሏዞ የፈራው ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ እንደማንኛውም ሰው በልቶ ሒሳቡን ከፍሎ የሚሄድ መርማሪን ነው።

አሁን ወደ እኛ ቋንቋ ልመለስ። አማርኛ ለሚበላ ሰው ሁለት ስም አለው፦ እንግዳና ደንበኛ። እንግዳ አይመርጥም። የቀረበለትን አመስግኖ ይበላል፤ «ይኼን አልወድም» ማለት ነውር ነው። በምላሹ አይከፍልም፤ ጋባዡም ወጪውን፣ ድካሙን፣ «ብሉልኝ፣ በሞቴ» የሚለውን ልመና ሁሉ ይሸከማል። ደንበኛ ግን ይመርጣል፤ ያዝዛል፤ ካልጣመውም ይመልሳል፤ ምክንያቱም ይከፍላል። በቤተ መንግሥቱ ግብር የገባ ባላገርና መኳንንት እንግዳ ነበር፤ እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል፣ አሳላፊው ያመጣለትን ይበላል። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ግን ሰው ደንበኛ መሆንን መልመድ ነበረበት። በገንዘብ ተቀምጦ መብላትን ሰው እንደ ነውር ስላየው ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ አስለመዱት እየተባለ ሲተረክ ሰምተናል።

የቅምሻ ገበታ እነዚህን ሁለቱን ይቀላቅላል። ተመጋቢው እንደ እንግዳ አይመርጥም፤ እንደ ደንበኛ ግን ይከፍላል። ቤቱ እንደ ጋባዥ ይወስናል፤ እንደ ነጋዴ ግን ሒሳብ ያመጣል። «ጉርሻ» የሚለውን ቃላችንን ተመልከቱ። በእጅ የሚሰጠውም ጉርሻ ነው፣ ለአስተናጋጅ የሚተወውም ገንዘብ ጉርሻ ነው። በእጅ የሚሰጠውን ጉርሻ መጠኑንም ዓይነቱንም የሚወስነው ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። «አንድ ያጣላል» ተብሎም ይደገማል። ይህ መታመን ነው፤ ፍቅር ነው። ያንኑ መታመን በዋጋ መሸጥ ይቻላል ወይ? የቅምሻ ገበታ ሙከራው ይኸው ነው።

አንዳንዴ ይሳካል። ሥራውን የሚያውቅ ሼፍ እጅ ላይ መውደቅ ደስታ መሆኑን አልክድም። ኤስኮፊዬ ካርዱ ግራ ላጋባቸው እንግሊዞች ያደረገው ውለታ ነበር። አንዳንዴ ግን አይሳካም። በጥር 2016 የኒውዮርክ ታይምስ ሐያሲ ፒት ዌልስ በሰው 325 ዶላር ያስከፍል የነበረውን የኬለርን የኒውዮርክ ቤት «ፐር ሴ»ን ከአራት ኮከብ ወደ ሁለት አወረደው። እንግዳ ተብሎ የተጠራ ሰው እንደ እንግዳ ካልተያዘ ደንበኝነቱ ይነሣበታል፤ ያኔ ዋጋውን ይቆጥራል።

ምርጫን ጨርሶ መንሣትም ዳር ድንበር አለው። ኒውዮርክ ያለው «ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ» በ2021 ስጋና ወተት የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ከአትክልት የሆነ የ335 ዶላር ገበታ ይዞ መጣ። ጾምን ለምናውቅ ለኛ ነገሩ ብርቅ አይደለም፤ ዓመቱን ግማሽ በሽሮና በምስር የሚውል ሕዝብ ነን። እነሱ ጋ ግን ትልቅ ወሬ ሆነ። በ2025 ቤቱ ስጋን በአማራጭነት መለሰ፤ ሼፉ ዳንኤል ሃም ሳይታሰብ ሰው እንዳይመጣ በር ዘግተናል ሲል ተናገረ። ትልቁ ቤት ሳይቀር ዞሮ ዞሮ «የትኛውን ላምጣልዎ?» ማለት ግድ ሆነበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኛም ልጅ አለ። ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ከእህቱ ጋር በማደጎ ስዊድን ያደገ ነው። በአውሮፓ ታላላቅ ማድ ቤቶች ሠርቶ ኒውዮርክ «አኳቪት» የተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ዋና ሼፍ ሆነ፤ በ1995 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሳለ ቤቱ ከኒውዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ ተሰጠው። በ2010 ግን ሃርለም ላይ «ሬድ ሩስተር»ን ከፈተ፤ የሰፈሩ ሰው ገብቶ የፈለገውን የሚያዝዝበት ቤት። በ2012 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ በአማርኛ «አዎ፣ ሼፍ» ማለት ነው። በእነዚያ ማድ ቤቶች ውስጥ ሼፉ አንድ ነገር ሲያዝዝ ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚመልሰው መልስ ነው።

እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህች ላይ ነው። ከጠረጴዛው የጠፋው «ምን ልታዘዝ?» የትም አልሄደም፤ ወደ ማድ ቤት ገባ እንጂ። ተመጋቢው አላዘዘም ማለት የሚታዘዝ ሰው የለም ማለት አይደለም። ለሃያ ምግብ ሃያ ጊዜ «አዎ፣ ሼፍ» የሚል፣ አሥራ አራት ሰዓት የሚቆም፣ ብዙ ጊዜም ስሙ የማይጠራ ወጣት አለ። ባለ አንድ ምግቡ ሼ ፓኒስም፣ ባለ አርባ ምግቡ ኤል ቡሊም «አንተ አትምረጥ፣ እኔን እመነኝ» ነው የሚሉት። እመነኝ የሚል ቤት ግን የሚታመነው በሳህኑ ብቻ መሆን የለበትም።

አዲስ አበባ ውስጥም የተቆረጠ ሜኑ፣ የተዋበ ሳህን፣ የሼፍ ስም በር ላይ የተጻፈበት ቤት ሲከፈት ማየት አስደሳች ነው። የኛ ሽሮና ጎመን፣ ቆጮና ክትፎ በትንሽ ሳህን ተውቦ ቢቀርብ ማን ይጠላል? ሙያው ያደገ ጊዜ ባለሙያውም ይከበራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጋባዥ መሆን የሚፈልግ ቤት ግን የጋባዥን ግዴታ አብሮ ይውሰድ። የጋባዥ የመጀመሪያ ግዴታ ደግሞ ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ማድ ቤት ያሉትን ማብላት ነው። ድግስ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ወጥ ሠሪዋ ሳትቀምስ ድግስ አይነሣም።